እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ የእንቅልፍ ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት፣ ሲውጡና ሲያቆሙ (ለጅማ ሰው)

«አንድ ፍሬ ብቻ ስጠኝ፣ ዛሬን ልተኛበት።» ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ይህን ልመና በደንብ ያውቀዋል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነው የሚመጣው። ሥቃዩ እውነተኛ ነው። እኔ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ ከኋላው ሌላ ሰው እየጠበቀ፣ ማለት የምፈልገውን ሁሉ ልለው አልችልም። ስለዚህ እዚህ ረጋ ብዬ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኪኒኑ ምን እንዲያሸንፍልዎ እንደሚፈልጉ ሳያውቁ አይዋጡት። እንቅልፍ የነሳዎት የከሰዓት ቡና ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፣ ድባቴ ከሆነም ሌላ፣ በእንቅልፍ መሀል የትንፋሽ መቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ኪኒኑ ራሱ ሊጎዳዎ ይችላል።

1. የእንቅልፍ እጦትዎን ዓይነት ይለዩ

ሐዘን የደረሰበት፣ ፈተና የቀረበበት፣ ልጁ የታመመበት ሰው ጥቂት ሌሊት ቢነቃ በሽተኛ አይባልም። ምክንያቱ ሲያልፍ እንቅልፉም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ፣ ለመተኛት በቂ ጊዜና ቦታ እያለዎት ሳይሆንልዎ ሲቀር፣ ቀኑንም ሲያበላሽብዎ ነው።

አርተር ስፒልማን የሚባል አሜሪካዊ የእንቅልፍ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጠው አንድ ሐሳብ ለብዙ ሰው ዓይን ገላጭ ነው። እንቅልፍ ማጣትን የሚቀሰቅሰው ነገርና የሚያቆየው ነገር አንድ አይደሉም አለ። ቀስቃሹ ለምሳሌ የአባት ሞት ሊሆን ይችላል። ከዓመት በኋላ እጦቱን የሚያቆየው ግን ያጣነውን እንቅልፍ ለማካካስ የምናደርገው ነው፦ በጊዜ ገብቶ አልጋ ላይ መጠበቅ፣ ምሳ በልቶ ሁለት ሰዓት መተኛት፣ ድካሙን በቡና መግፋት። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር እነዚህን አቆዪዎች ስለ ማንሳት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ራስዎን እነዚህን ይጠይቁ። ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ቆም እንደሚል የቤት ሰው ነግሮዎት ያውቃል? ማታ ማታ ካላንቀሳቀሱት የማያስችል ስሜት እግርዎን ይይዘዋል? (ይህኛው ከደም ማነስ፣ በተለይ ከአይረን እጥረት ጋር ሊያያዝ ይችላል።) ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነቅተው፣ ልብዎ ከብዶ፣ ምንም ነገር የማያስደስትዎ ሆነዋል? ወይስ በተቃራኒው ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝተው ጉልበትዎ ሞልቶ፣ ሐሳብዎ እየሮጠ ነው የሚነጋው? የመጨረሻው ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ይፈትሹ፤ ፕሬድኒሶሎን፣ ሳልቡታሞል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ ሊነሱ ይችላሉ፣ ፉሮሴማይድ ደግሞ በሽንት ያስነሳል። ብዙዎቹን ከማታ ወደ ጠዋት በማዛወር ብቻ ችግሩ ሊቀል ይችላል። ይሁን እንጂ ሰዓቱን በራስዎ አይቀይሩ፣ ያዘዘልዎን ይጠይቁ።

2. ለሁለት ሳምንት ደብተር ይያዙ

አንድ የልጆች ደብተር ይበቃል። ጠዋት ሲነሱ የገቡበትን ሰዓት፣ በግምት እንቅልፍ የወሰደዎትን ሰዓት፣ ስንቴ እንደነቁና የተነሡበትን ሰዓት ይጻፉ። ማታ ደግሞ የዕለቱን ቡና (ስንት ሲኒ፣ በስንት ሰዓት)፣ ጫት፣ መጠጥ፣ የቀን እንቅልፍና ኪኒን ይመዝግቡ። ሌሊት ሰዓት አይዩ፤ ስልኩን ከራስጌ ያርቁት። ግምት ይበቃል፤ ሰዓት እየቆጠሩ ማደር ራሱ እንቅልፍ ያባርራል።

3. ቡናውንና ጫቱን ያስተካክሉ

ይህ በጅማ ትልቁ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ካፌይን አእምሯችን ውስጥ ድካምን የሚያስታውቀው አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ ይይዛል። ድካሙ አይጠፋም፣ ምልክቱ ብቻ ይታፈናል። የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጎረቤት ቤት ጀበናው ከተቀዳ፣ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና ደምዎ ውስጥ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ላይና የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ከዚህም በጣም ይረዝማል። «እኔን ቡና አይነሳኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቶሎ እንቅልፍ ይወስደው ይሆናል፣ እንቅልፉ ግን ሳይጠልቅና ሳይቆራረጥ አይቀርም።

ስለዚህ የመጨረሻውን ሲኒ ቀን 6 ሰዓት ላይ ያቁሙ። ጅማ ተቀምጦ ቡና እርግፍ አድርጎ መተው ለብዙ ሰው አይሆንም፤ ማንም እንዲተው አልመክርም። ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ግን ይቻላል። ሰፈሩ በተራ የሚያፈላ ከሆነ የጠዋቱን ተራ ይያዙ። ከሰዓት ሲጠሩ ሄደው ይቀመጡ፣ ቁርሱን ይብሉ፣ ጨዋታውን ይጫወቱ፣ ሲኒውን «ሐኪም ከልክሎኛል» ብለው ይለፉ። ይህ ቃል በማንም ቤት ይከበራል። በረካው ከአቦሉ የቀጠነ ቢሆንም ካፌይን የለውም ማለት አይደለም። ሻይ ቅጠል የገባበት የቅመም ሻይም፣ ኮካም፣ «ኤክስትራ» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ የራስ ምታት ኪኒኖችም ካፌይን አላቸው። ቀረፋና ዝንጅብል ብቻውን የፈላ ውኃ ግን ምንም አያደርግም።

በቀን ብዙ ሲኒ የሚጠጡ ከሆነ በአንድ ቀን አይቁረጡ። ካፌይን በድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና እስከ ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ ቢወርዱ ይቀላል።

ጫት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አሠራሩ አምፌታሚን እንደሚባለው ብርቱ አነቃቂ መድኃኒት ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ ሐሳብን ያጣድፋል፣ እንቅልፍን ያርቃል። ከሰዓት ተቅሞ ምሽት ድረስ የዘለቀ ምርቃና ሌሊቱን ይዞት መሄዱ አይገርምም። እዚህ ላይ ነው አደገኛው ልማድ የሚመጣው፦ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ጨብሲው ካልበቃ ቫሊየም (ዳያዜፓም የሚባለው የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን)። በአንድ ምሽት ሰውነትን ወደ ላይ የሚገፋና ወደ ታች የሚጎትት ነገር መደራረብ ነው። አልኮልና ዳያዜፓም አብረው ሲወሰዱ ደግሞ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የጨብሲው ማግስት «አንድ ፍሬ» ፍለጋ የሚመጡ ወጣቶችን በዓይኔ ስለማይ ነው።

ጫት ማቆም ወይም መቀነስ የፈለገ ሰው ዱካክ እንደሚመጣበት አስቀድሞ ይወቅ። የሚያስፈራ ሕልም፣ የሚጫን ነገር፣ ከባድ እንቅልፍና የተደበተ ስሜት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠባይ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ዱካኩን ሽሽት ወደ ቅጠሉ መመለስም ሆነ ኪኒን መጀመር ጉዞውን ያስረዝመዋል። ለጊዜው ማቆም ካልሆነልዎ ቢያንስ ቅሚያውን ወደ ቀኑ መጀመሪያ ያምጡ፣ መጠኑንም ያሳንሱ።

አረቄም ሆነ ቢራ «ለእንቅልፍ» የሚጠጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን ያባንናል።

4. አልጋውንና ሰዓቱን ያስተካክሉ

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ኪኒን አይደለም፤ የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው ብሏል። የአውሮፓ የእንቅልፍ ሐኪሞችም ተመሳሳይ አቋም አላቸው። ሕክምናውን በባለሙያ ማግኘት ከቻሉ መልካም ነው። ካልቻሉ ሁለቱን ዋና ምሰሶዎች ቤትዎ ሆነው መጀመር ይችላሉ።

የመጀመሪያው አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መመለስ ነው (የትዳር ግንኙነት ከዚህ አይቆጠርም)። አልጋ ላይ መብላት፣ ስልክ መነካካት፣ የብድር ሒሳብ መሥራት ይቅር። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይግቡ። 20 ደቂቃ ያህል አለፈ መስሎ ከተሰማዎት ይነሡ። «ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ ወዴት ልነሣ?» የሚል አለ፣ ልክም ነው። ከአጎበሩ ወጥተው፣ ለአልጋው ጀርባዎን ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ ነጠላ ወይም ጋቢ ይደርቡ፣ ደማቅ መብራት አያብሩ። መዝሙረ ዳዊት የሚደግም ይድገም፣ ዚክር የሚያደርግ ያድርግ፣ ጎመን የሚቀነጥስ ይቀንጥስ። ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ መነሣት ቢኖርብዎ አራት ጊዜ ይነሡ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያናድዳሉ፤ አእምሮ «አልጋ ማለት መገላበጥ ነው» ብሎ የያዘውን የሚለቀው ግን በዚህ ነው።

ሁለተኛው አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ማሳጠር ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፣ ብዙ የሚሠራውም ይኸው ነው። ደብተርዎን ይክፈቱ። በአማካይ 9 ሰዓት አልጋ ላይ ሆነው የሚተኙት 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው እንበል። ከዛሬ ጀምሮ አልጋ ላይ የሚሆኑት 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ከ5 ሰዓት በታች ግን አይውረዱ። ቀን አይተኙ። ሱብሂ የሚሰግድ ሰው መነሻውን እዚያው ላይ ቢያስርና ተመልሶ ባይተኛ ይቀልለዋል፤ ኪዳን የሚያደርስም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ አልጋ ላይ ከዋሉበት ጊዜ 85 በመቶውንና ከዚያ በላይ ከተኙበት፣ መግቢያውን በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ያስቀድሙ። ካልሆነ ባሉበት ይቆዩ። እንዲህ በየሳምንቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይስጡት።

ይህን ማሳጠር ያለ ሐኪም የማይጀምሩ አሉ፦ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ባይፖላር ያለበት፣ ባጃጅ፣ ሞተር ወይም የጭነት መኪና የሚነዳ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀን ላይ ድብታ ይኖራልና። በረመዳንም ሱሁርና ተራዊህ ሌሊቱን ስለሚከፋፍሉት ከወሩ በኋላ ቢጀመር ይሻላል።

የቀረው ትንሽ ነው፦ እንደተነሡ ወደ ውጭ ወጥተው የጠዋት ብርሃን ይሙቁ፤ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮዎ ውስጥ የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ።

5. ኪኒኑን ይመዝኑ

እኔ የኪኒን ጠላት አይደለሁም። ቦታ አለው፤ ድንገተኛ ሐዘን፣ ከባድ ጭንቀት፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ለአጭር ጊዜና ማብቂያው ቀን አስቀድሞ ተቆርጦለት። የአውሮፓ መመሪያ ለዳያዜፓም ቤተሰብ የሚሰጠው ገደብ እስከ 4 ሳምንት ነው። ችግር የሚመጣው ማብቂያ ቀን ሳይኖረው ሲጀመር ነው።

ዳያዜፓም (ሁላችንም ቫሊየም የምንለው) ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፣ ጉበት የሚያወጣው ውላጁ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ማታ የተዋጠው ጠዋት ሥራ ላይ አለ ማለት ነው። በየማታው ሲዋጥም ይከማቻል። እናትዎ ወይም አባትዎ በዕድሜ የገፉ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ፦ ሌሊት በጭቃ ወደ ውጭ ሽንት ቤት የሚሄዱ አዛውንት መድኃኒቱ ጉልበታቸውን አድክሞታል፣ ይወድቃሉ፣ ዳሌ ይሰበራል። የመርሳት ችግርም ያባብሳል።

ዞልፒደም የሚባለው የእንቅልፍ ኪኒን ሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፣ ጠዋት ላይ ያለው ድብታም ያንሳል። ሆኖም ተኝቶ እየሄዱ ምግብ ማብሰል፣ መኪና መንዳት፣ ከዚያም ምንም ያለማስታወስ ስለ ታየበት የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ከዚያ በፊት በ2013 ለሴቶች የሚታዘዘው መጠን ወደ 5 ሚሊ ግራም እንዲወርድ አድርጓል፣ ከሴቶች ሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ። አሚትሪፕቲሊን የድባቴ መድኃኒት ነው፣ ለእንቅልፍ በትንሽ መጠን ይታዘዛል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የልብ ችግር ላለበት ያሰጋል፣ ብዙ ፍሬ ከተዋጠ ደግሞ ይገድላል፤ ሕፃናት ካሉበት ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ። ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው። የማስተኛት ኃይላቸውን ሰውነት በጥቂት ቀናት ይለምደዋል፤ አዛውንትን ያደናግራሉ፣ የፕሮስቴት ችግር ያለበትን ሰው ሽንት ይይዙበታል። ሜላቶኒን (ሰውነት ራሱ ሲመሽ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ በኪኒን መልክ) ጠንካራ ማስተኛ አይደለም፤ ይበልጥ የሚረዳው የሰውነት ሰዓቱ ለተዛባበት ሰው ነው።

ለቅሶ ቤት «ይቺን ዋጪና ትንሽ እረፊ» ተብላ የምትሰጥ ፍሬ አለች። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ይሁንና ሐዘንተኛዋ ነፍሰ ጡር ትሁን፣ አስም ይኑርባት፣ ትራማዶል (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) ትውሰድ ሰጪዋ አታውቅም። የራስዎን መድኃኒት ለሌላ አይስጡ፣ የሌላውንም አይቀበሉ። ዳያዜፓም በዓለም አቀፍ ስምምነት ጭምር ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥልዎ ቦታ ካገኙ ውለታ እየተዋለልዎ አይደለም።

6. ሐኪም ዘንድ ይሂዱ

በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የጤና መድን ደብተር ካለዎት ወደ ሆስፒታል ለመላክ የሪፈር ወረቀቱ ከዚያ ነው የሚጻፈው። ከተማችን ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አላት፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «ሰው ያየኛል» ብለው አይቅሩ፤ እዚያ የሚሄድ ሁሉ አእምሮው የተናጋ አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው መታከሚያው እዚያው ነው።

ደብተርዎን ይዘው ይግቡ። ጫትና መጠጥ አይደብቁ። መድኃኒት ከታዘዘልዎ አራት ነገር ሳይጠይቁ አይውጡ፦ ለስንት ቀን ነው? ከምወስዳቸው ሌሎች ጋር ይስማማል? ጠዋት መንዳት እችላለሁ? እንዴት ነው የማቆመው? አራተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ከሁሉም የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

ሞት ሞት የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ለሚያምኑት ሰው ነግረው፣ ቤት ያለውን ኪኒን ለእሱ አስረክበው፣ በዚያው ሰዓት አብራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

7. ሲያቆሙ

ዳያዜፓምን ወይም መሰሉን ለሳምንታት በየማታው ከወሰዱ በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንደሚጥል በሽታ ማንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ዳያዜፓም ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይህ ካቆሙ ከቀናት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ «ሦስት ቀን አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብለው አይዘናጉ። ከነዚህ አንዱን ካዩ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ትክክለኛው መንገድ ከሐኪም ጋር ሆኖ መጠኑን ከ5 እስከ 10 በመቶ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ መቀነስ ነው። ለዓመታት የወሰደ ሰው ወራት ሊፈጅበት ይችላል፣ ምንም አይደለም። ፍሬውን በግምት ከመቆራረስ ሐኪሙ በሚሊ ግራም የጻፈልዎን መርሐ ግብር ይዘው ወደ ፋርማሲ ይምጡ፤ የቱ ፍሬ እንደሚከፈል፣ ለሚቀጥለው ደረጃ የትኛው መጠን እንደሚሻል አብረን እናያለን።

መጠኑ በቀነሰ ቁጥር ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ይሸሻል። ሰው «አየህ፣ ያለ ኪኒን አልተኛም» ብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰውነት ከመድኃኒቱ ሲላቀቅ የሚያሳየው ነው፣ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ማግስት በተለመደው ሰዓት ይነሡ፣ ቀን አይተኙ፣ ሲኒ አይጨምሩ፣ የተቀነሰውንም ፍሬ አይመልሱ፤ ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ከተከታተሉ ለሐኪሙ ነግረው ቅነሳው ባለበት ደረጃ ጥቂት ሳምንት እንዲቆይልዎ ያድርጉ።